በውርድ ንባብ የተማርነው ፈረንሳይኛ

ፈረንሳይኛ አልችልም ነበር። ይህን ገና ሲጠይቁኝ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም።

ደባርቅ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ግን ዳባት ነው። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ከአዲ አርቃይ በኩል ለሚመጡ ደንበኞቹ ትግርኛ ያወራል፣ ቤት ገብቶ ቁርኣኑን በዓረብኛ ይቀራል፣ እኛን ሲቆጣ ደግሞ በአማርኛ ነው። በዚህ ምክንያት ቋንቋ የሚባል ነገር አስፈርቶኝ አያውቅም። እንዲያውም የማላውቀውን ቋንቋ ሁሉ ትንሽ ትንሽ የማውቀው ይመስለኛል። ጣጣው የመጣው ከዚህ ጠባዬ ነው።

አንድ ቀን ከጎንደር ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጎማው ፈነዳ። ጎማው እስኪቀየር ከጎኔ የነበሩ አንድ ሸምገል ያሉ ፈረንጅ ብርቱካን ልጠው አካፈሉኝ። ከየት እንደመጡ በእንግሊዝኛ ጠየቅኋቸው፤ ከፈረንሳይ ነኝ አሉ። «ሜርሲ ቦኩ» አልኳቸው። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ከአንድ መምህር የለቀምኳት ናት። ከእሷ ሌላ «ቦንዡር»ን አውቃለሁ፤ በቃ። ሰውየው ፊታቸው በራ፤ አንድ ረጅም ነገር ተናገሩ። እኔም እንደሚገባው ሰው ራሴን እየነቀነቅሁ አዳመጥኩና ሲጨርሱ እንደገና «ሜርሲ ቦኩ» አልኳቸው። ሌላ ረጅም ነገር ቀጠሉ። ያኔ ለለውጥ ያህል «ቦንዡር» አልኩ። ሰውየው ትንሽ ግር ቢላቸውም ጨዋ ስለነበሩ ሁለተኛውን ብርቱካን ላጡልኝ።

ለካ ከኋላ ወንበር ላይ ሁለት የደባርቅ በቅሎ ነጂዎች ተቀምጠው ኖሯል።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አለቃቸው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ሰሜን ተራሮችን ለሚወጡ ቱሪስቶች ጓዝ የሚጭኑት ነጂዎች ሁሉ የሚታዘዙት ለእሳቸው ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ቀጥ ያለ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ሳይጨርሱ ያቋረጡ ስለሆኑ ነጂዎቹ «የኔታ» ይሏቸዋል፤ መጀመሪያ ለቀልድ የጀመሩት ነው ይባላል፤ አሁን ግን ማንም አይቀልድበትም። እኔም የኔታ እያልኩ እቀጥላለሁ።

የኔታ ነገሩን ከሥሩ አስረዱኝ። ከጥምቀት በኋላ አንድ የፈረንሳይ ቡድን ይመጣል። አስጎብኚያቸው እንግሊዝኛ እንጂ ፈረንሳይኛ አይችልም፤ እሱም ቢሆን ከፊት ነው የሚሄደው፤ ከጓዙ ጋር ከኋላ የሚቀሩት ነጂዎቹ ናቸው። ያለፈው ዓመት አንዲት ፈረንሳዊት መድኃኒቷ ያለበት ሻንጣ የትኛው በቅሎ ላይ እንደተጫነ ስትጠይቅ ነጂው ውሃ የፈለገች መስሎት ኮዳ ሰጣት። አይደለም ብላ ራሷን ስትነቀንቅ ዳቦ ቆርሶ ሰጣት። አሁንም ራሷን ስትነቀንቅ ደክሟት ነው ብሎ አንሥቶ በቅሎ ላይ አስቀመጣት። ሴትዮዋ መድኃኒቷን ሳታገኝ፣ ዳቦ በእጇ ይዛ፣ ተራራው ላይ ያለው የድንኳን ማደሪያ፣ ሳንቃ በር ገባች።

«አንቺ ደግሞ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ከፈረንሳዩ ጋር ስትጨዋወቺ ልጆቹ ሰምተውሻል» አሉኝ።

አልችልም ማለት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። «ያን ያህል እንኳ አይደለም» አልኩ። የኔታ ይህን እንደ ትሕትና ቆጠሩት። እሑድ ከሰዓት፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ምሳውን ከበላ በኋላ፣ ትምህርት እንዲጀመር ተስማማን።

ቀጥዬ መጽሐፍ ፍለጋ ገባሁ። ፔንሲዮን ውስጥ የምትሠራ ጓደኛዬ እንግዳ ጥሎት የሄደ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ሰጠችኝ። እንግሊዝኛ ለሚናገሩ መንገደኞች የተዘጋጀ ነው፤ ፈረንሳይኛው በአንድ ወገን፣ እንግሊዝኛው በሌላ ወገን፣ አነባበቡም ከሥር ተጽፏል። ከዚህ የተሻለ ለእኔ ምን አለ? ችግሩ ፊተኛው ግማሽ ከሰል ማቀጣጠያ ሆኖ አልቋል። ሰላምታው፣ ቁጥሩ፣ መንገድ መጠየቂያው፣ ሁሉም ነዷል። የተረፉት ሁለት ምዕራፎች ናቸው፤ አንዱ ሆቴል ውስጥ ቅሬታ ያለው ሰው የሚናገረው፣ ሌላው ሐኪምና በሽተኛ የሚነጋገሩት። እኔም ራሴን አጽናናሁ። ቱሪስት መቼም ቅሬታ አያጣም፤ ተራራ ላይም ሰው ይታመማል፤ ነጂዎቹ ይህን ከሰሙ ይበቃል አልኩ።

በመጀመሪያው እሑድ አሥራ ሁለት ነጂዎች የሁለተኛ ክፍል ሕፃናት በሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተደርድረው ጠበቁኝ። ጉልበታቸው ከጆሯቸው ሊገጥም ምንም አልቀረውም። የኔታ ከፊት ናቸው። ጠመኔ ሳነሣ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ በር ላይ «እንዴት ዋልሽ» ያሉኝ ሰው ሰሌዳው ፊት ስቆም «እርስዎ» ይሉኝ ጀመር። ጠመኔውን ሳስቀምጥ ደግሞ ተመልሼ «አንቺ» ሆንኩ። እስከ መጨረሻው እንዲሁ ነበር።

ከማውቃቸው ከ«ቦንዡር» እና ከ«ሜርሲ» ቀጥዬ መጽሐፉ ላይ መጀመሪያ ያገኘሁትን ዓረፍተ ነገር በእኛው ፊደል ጻፍኩት፤ «ኢል ኒያ ፓ ዶ ሾድ»። ሙቅ ውሃ የለም ማለት ነው። ትርጉሙን ልነግራቸው አፌን ስከፍት የኔታ እጃቸውን አወጡ።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ትርጉሙን አሁን አይንገሩን» አሉ።

ለምን እንደሆነ ጠየቅሁ። በአብነት ትምህርት ቤት መጀመሪያ ንባብ ይጠናል፣ ንባቡ በቃል ይያዛል፣ ትርጓሜ ከዓመታት በኋላ ነው የሚመጣው። እሳቸው ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ሲሉ ምን እንደሚል አያውቁም ነበር፤ ምንም አልጎደለባቸውም። ለእኛ ዓመታት ስለሌሉን ትርጓሜውን በአምስተኛው እሑድ እናድርገው አሉ። ነጂዎቹም ይሁን አሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ አለኝ፤ አራት እሑድ ሙሉ ማንም ጥያቄ ሳይጠይቀኝ ራሴ ማጥናት እችላለሁ።

ጥያቄ ግን አልቀረም። የኔታ ሰሌዳውን ትክ ብለው እያዩ «ቦንዡር ያሉት ቃል ሰያፍ ነው ተጣይ?» አሉኝ።

እኔ የነጋዴ ልጅ፣ የእስላም ልጅ፣ ስለዚህ ነገር ሰምቼ አላውቅም። አላውቀውም ማለት ደግሞ ያን ሰሞን አልሆነልኝም። «እርስዎ ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው። ተነሥተው ጠመኔውን ከእጄ ተቀበሉ። እኔ ወርጄ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ግዕዝ ሲነበብ እያንዳንዱ ቃል ድምፁ የሚነሣበትና የሚወድቅበት ቦታ አለው፤ አንዳንዱ ተነሽ ነው፣ አንዳንዱ ወዳቂ፣ መጨረሻው ሳድስ የሆነው ደግሞ ወይ ሰያፍ ነው ወይ ተጣይ። ግማሽ ሰዓት አስተማሩን። በመጨረሻ «ቦንዡር» ሰያፍ ሆነ። «ሜርሲ» ላይ ክርክር ተነሣ፤ ወዳቂ ነው ተብሎ ተወሰነ። በዚያ ቀን ከተማሪዎቹ ሁሉ ብዙ የተማርኩት እኔ ነኝ።

ከሁለተኛው እሑድ ጀምሮ በውርድ ንባብ ሆነ። ይህ የአብነት ተማሪ ቃሉን እየጎተተ፣ ዝቅ ከፍ እያደረገ፣ በዜማ የሚያነብበት ስልት ነው። የኔታ ይመራሉ፣ አሥራ ሁለቱ ይቀበላሉ። «ኢል ኒያ ፓ» ብለው ከፍ ያደርጉና «ዶ ሾድ» ላይ ሲደርሱ ቀስ ብለው ወደ ታች ያወርዱታል፤ ሾዷን ብቻ ትንፋሽ እስኪያልቅ ይጎትቷታል። ቀጥሎ መስኮቱ አይዘጋም የሚለው አለ፤ «ላ ፍኔትር ን ፌርም ፓ»። ከዚያ ክፍል ይቀየርልኝ የሚለው፤ «ዥ ቩድሬ ሻንዤ ድ ሻምብር»። ይኸኛው ረጅም ስለሆነ የኔታ መሐሉ ላይ ማረፊያ አበጁለት። ከሐኪሙ ምዕራፍ ደግሞ የት ላይ ነው የሚያምዎት የሚለውን ጨመርኩ፤ «ኡ አቬ ቩ ማል»። እሱን ሲያዜሙት ሆድ ያባባል።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ድምፁን ሰምቶ መጣና ኮፍያውን አውልቆ በር ላይ ቆመ። ወጥቼ ፈረንሳይኛ መሆኑን ነገርኩት። ኮፍያውን መልሶ አደረገ፤ ግን አልሄደም።

እኔ ሁሉንም ትርጉም አውቃለሁ። አሥራ ሁለት ጎልማሶች ዓይናቸውን ጨፍነው መስኮቱ አይዘጋም ሲሉ ከንፈሬን ነክሼ እሰማለሁ። አምስተኛው እሑድ ሲመጣ ሁሉን አስረዳለሁ፣ ማን መቼ ምን እንደሚል እንለያለን፣ ሌላ ሰላምታም ከሆነ ቦታ ፈልጌ እጨምራለሁ እያልኩ ነበር።

አምስተኛው እሑድ ከመድረሱ በፊት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ የኔታ ስልክ ደወሉ። ቡድኑ ጉዞውን ቀይሮ ማታ ደባርቅ ገብቷል። «ልጆቹ ተሰልፈዋል፤ ነይና እይልን» አሉኝ።

ምን ሊሉ ነው ብዬ ጠየቅሁ።

«ያስተማርሽንን ነዋ» አሉ።

ባጃጅ ይዤ በረርኩ። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አልቆ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ቀሪ መሆኔ አላሳሰበኝም፤ ሌላው ግን ሁሉም አሳሰበኝ። ስደርስ ረፍዷል። ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ላይ ዘጠኝ ፈረንሳዮች፣ አብዛኞቹ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል። አስጎብኚያቸው ወረቀት ሊያስጨርስ ውስጥ ገብቷል። በፊታቸው አሥራ ሁለቱ ነጂዎች ንጹሕ ጋቢ ደርበው ተሰልፈዋል። የኔታ ከመሐል በእጃቸው የያዙትን ጭራ ከፍ አደረጉ።

«ቦንዡር» በአንድ ድምፅ ወጣ፤ በሰያፍ። ፈረንሳዮቹ ፈገግ አሉ። ከዚያ ሙቅ ውሃ የለም ተጀመረ።

እጄን ላወዛውዝ ሞከርኩ። የኔታ አዩኝ፤ የማበረታታቸው መሰላቸው፤ ድምፃቸውን ጨመሩ። አሥራ ሁለቱ ተቀበሉ፤ ሾዷን ጎተቷት። ፈረንሳዮቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። መስኮቱ አይዘጋም ሲባል አንድ ራሰ በራ ሰው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ክፍል ይቀየርልኝ ላይ፣ ማረፊያው ጋ ሲደርሱ፣ ከኋላ ያለች አንዲት ትንሽዬ አሮጊት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ።

የት ላይ ነው የሚያምዎት ሲያልቅ ሴትዮዋ ወደ ፊት መጣችና የኔታን በሁለት እጇ ጨብጣ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ተናገረች። የኔታ ሲያናግሯቸው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ጎንበስ ብለው፣ ያለ ዜማ፣ «ዥ ቩድሬ ሻንዤ ድ ሻምብር» አሏት።

ሴትዮዋ ወደ ተራራው አየች፣ ወደ ሰማዩ አየች፣ ከዚያ «ሟ ኦሲ» አለች። እኔም ማለቷ እንደሆነ ያወቅሁት ኋላ ነው።

ነገሩ ወዲያው ተገለጠ። ራሰ በራው ሰውዬ በእንግሊዝኛ ማን አለቃ እንደሆነ ሲጠይቁ ወደ እኔ ተጠቆመ። ሰውየው በጣም ከልባቸው ነበር የሚናገሩት። ማታ ያደሩበት ሆቴል ሙቅ ውሃ አልነበረውም፤ መስኮቱም አልዘጋ ብሎ ብርድ ሲገርፋቸው አድሯል፤ ክፍል ይቀየርልን ብለው ነበር። ይህን የነገሩት ለአስጎብኚያቸው ብቻ ነው። ታዲያ በጠዋቱ የአገሩ ሽማግሌዎች ተሰልፈው፣ በዜማ፣ ጥፋቱን አምነው፣ የት ላይ እንደሚያማቸው ሳይቀር ሲጠይቋቸው እንዲህ ያለ አክብሮት በየትም አገር አላዩም።

እንደዚያው ልተወው አሰብኩ። ግን ትንሽዋ ሴትዮ ዓይን ዓይኔን እያየችኝ ነበር፤ ያለቀሰች የመሰለችኝ ሴትዮ ለካ ሳቋን ስታፍን ነው የቆየችው። ሁሉንም ነገርኳት፤ መጽሐፉን፣ ከሰሉን፣ አምስተኛውን እሑድ። ሻንጣ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። አንዴ ቆም ትልና «ዶ ሾድ» ስትል እንደገና ይጀምራታል።

የከበደኝ ለየኔታ መናገሩ ነው። ወደ በቅሎዎቹ ገለል አድርጌያቸው የእያንዳንዱን ትርጉም አስረዳሁ።

«ስለዚህ እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ በሜዳ ላይ፣ ክፍል ይቀየርልኝ ብዬ እንግዳ ለመንኩ?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ንባቡ ስሕተት ነበረው?»

«የለውም። ሁሉም ገብቷቸዋል።»

«እንግዲያው ደህና ነው» አሉ። ቀጥለውም «አንቺ ግን ፈረንሳይኛ አትችይም» አሉኝ። አልችልም አልኩ። ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣው ጫማ የማወልቅ ያህል ቀለለኝ። የኔታ ወደ ሴትዮዋ ዞር ብለው አዩ። «እሷስ ትችላለች?» አሉ። ትችላለች እንጂ አልኩ። «በይ ነይ፤ አብረን ወጥተን እንማራለን» ብለው በቅሎ እንዲጫንልኝ አዘዙ።

ሴትዮዋ መምህርት ሆና ተገኘች። አርባ ዓመት ሕፃናት ማንበብ ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች ናት። በዕድሜ ከእናቴ ትበልጣለች፤ ነገር ግን «አንቺ በይኝ» ስላለችኝ እዚህም በዚያው እጠራታለሁ። ሳንቃ በር ደርሰን ድንኳን እንደተተከለ ነጂዎቹን ሣሩ ላይ ሰብስባ ማስተማር ጀመረች። ፈረንሳይኛውን በእንግሊዝኛ ትነግረኛለች፣ እኔ በአማርኛ አወርደዋለሁ። ቀስ ይበሉ፣ «ዱስማን»። በዚህ በኩል፣ «ፓር ኢሲ»። ተጠንቀቁ፣ «አታንስዮን»። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እኔ በአራት እሑድ ካስተማርኩት የበለጠ የሚጠቅም ነገር አስተማረች። አልቀናሁም ብል ውሸት ነው።

የኔታ ግን የቃላቱን ስልት ሳያውቁ አላልፍም አሉ። ሰያፉን፣ ተጣዩን፣ ወዳቂውን በእኔ በኩል አስረዷት። ሴትዮዋ አሰበችና በፈረንሳይኛ ድምፅ የሚነሣው ሁልጊዜ ወደ ቃሉ መጨረሻ ነው አለች።

«ሁሉም?» አሉ የኔታ።

«ሁሉም።»

የኔታ አዘኑላት። ፈረንሳዮቹ ይህን ያህል አገር ዞረው አንድ ስልት ብቻ ይዘው መኖራቸው ከነከናቸው።

ስሜታቸው የተመለሰው ስለ «ቱ» እና «ቩ» ስትነግራቸው ነው። ፈረንሳዮች ለልጅና ለጓደኛ «ቱ» ይላሉ፤ ለትልቅ ሰውና ለማያውቁት «ቩ» ይላሉ። ልክ እንደ አንተና እርስዎ። የኔታ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። እነዚህ ሰዎች በሥርዓት ያደጉ ናቸው አሉ፤ እንግሊዝ ለንጉሡም ለውሻውም «ዩ» ነው የሚለው፤ ይህን ሲሰሙ ሁልጊዜ ይደብራቸው ነበር። ከአዲ አርቃይ በኩል የመጣ አንድ ነጂ ትግርኛም ለትልቅ ሰው «ንስኹም» እንደሚል አስታወሰ። በዚህ ሁሉም ተደሰቱ። ከዚያ አንዱ፣ በጣም ቁም ነገር ይዞ፣ ለበቅሎስ የትኛው ነው ብሎ ጠየቀ።

ክርክሩ እስከ እራት ቆየ። ግማሾቹ እንስሳ ናት፣ «ቱ» ናት አሉ። የአዲ አርቃዩ ነጂ በትግርኛ ለበቅሎ «ንስኺ» ነው የሚባለው፣ ስለዚህ «ቱ» ነው አለ። የኔታ በሌላ ወገን ቆሙ። የእሳቸው በቅሎ አሥራ አራት ዓመት ይህን ገደል ስትወጣና ስትወርድ አንድ ቀን አልጣለቻቸውም፤ ስንት ሰው አለ እንዲህ የሚታመን? «ቩ» ነው የሚገባት አሉ። ሴትዮዋ ፍርድ እንድትሰጥ ተጠየቀች። እኔ ሳስበው በአገሯ በቅሎ የምትነዳ አይመስለኝም ነበር። እሷ ግን እንስሳ ሲነዳ «አሌ» እንደሚባል ነገረችን፤ ሂድ እንደማለት ነው። የኔታ ወዲያው ለማን የሚባል «ሂድ» ነው ብለው ጠየቁ። ሴትዮዋ «አሌ... አሌ...» እያለች በጣቷ ቆጠረች፤ ከዚያ አፏን ያዘች። የ«ቩ» ነው። ለአንተና ለአንቺ ቢሆን ሌላ ቃል ነበር። ቤቷ ያለውን ውሻ ዕድሜውን ሙሉ «አሌ» ስትለው በእርስዎ ስታዘው እንደኖረች ያን ዕለት ነው የገባት።

የኔታ ተነሥተው ወደ በቅሏቸው ሄዱና አንገቷን መታ መታ አደረጓት።

በማግሥቱ ጠዋት ሴትዮዋ በተራዋ ፊደል አስተምሩኝ አለች። የኔታ እስከዚያ ቀን ድረስ «እርስዎ» ይሏት ነበር። ተማሪ ከሆነች ግን ሌላ ነው። «ቁሚ» አሏት። ቆመች። ያሉት በየትኛው እንደሆነ በጆሮዬ ጠየቀችኝ፤ በ«ቱ» ነው አልኳት። ክፍል ውስጥ እንዲህ ከተባለች ስልሳ ዓመት እንዳለፋት ነግራኝ በደስታ ቀጥ ብላ ቆመች።

ከሀ እስከ ሸ ድረስ ደህና ሄደች። «ቀ» ላይ ተያዘች። «ከ» ትላለች። የኔታ ጉሮሯቸውን እያሳዩ «ቀ» ይሏታል፤ እሷ «ከ» ትላለች። በኃይል ሞክሪ አሏት። በኃይል ስትሞክር የወጣው ድምፅ አጥንት ካነቀው ሰው የሚወጣ ነበር። ከድንኳኑ ማዶ የቆመው የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውቱ፣ ጠመንጃውን በትከሻው እንዳደረገ ኮዳ ይዞ እየሮጠ መጥቶ ጀርባዋን መታት። ትምህርት ላይ ናት ብለን አስረዳነው። ይህንኑ ሲያይ የነበረ አንድ ጭላዳ ዝንጀሮ ከገደሉ አፋፍ ሆኖ አንድ ድምፅ አሰማ።

«እሱ ካንቺ ይሻላል» አሏት የኔታ።

ይህን አልተረጉምም አልኩ። ሴትዮዋ ግን ሁሉም ሲስቁ አይታ ካልነገርሽኝ አለች። ነገርኳት። ወደ ጭላዳው ዞራ፣ በ«ቩ»፣ እንኳን ደስ ያለዎት አለችው።

በዚያው ከሰዓት የዓረፍተ ነገሮቹን ትርጉም ለነጂዎቹ ሁሉ ተናገርኩ። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ፈረንሳይኛ እንደማልችልም ነገርኳቸው። የአዲ አርቃዩ ነጂ እኛ እኮ ከሁለተኛው እሑድ ጀምሮ እናውቃለን አለኝ። ጠረጴዛው ሥር ወረቀት እያየሁ እንደነበር ከፊት ያሉት ሁሉ ያዩ ነበር። ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ አልኩ። መምህር ማሳፈር ነውር ነው አለኝ። እኔ እነሱን አታለልኩ ብዬ ስንት ቀን እንቅልፍ ሳጣ፣ እነሱ ለእኔ ሲሉ ተታለው ኖሯል።

ሙቅ ውሃ የለምን ግን መተው እምቢ አሉ። ንባቡ ጠንቷል፤ ስንት የደከሙበት ነው። ሲለያዩም ፈረንሳዮቹ ራሳቸው አንድ ጊዜ በሉልን ብለው ጠይቀው አብረው አዜሙት። ራሰ በራው ሰውዬ ሾዷን ከነጂዎቹም አስበልጠው ጎተቷት።

ከወር በኋላ የሆቴሉ ባለቤት ትምህርት ቤት መጣ። ማሞቂያ አስገብቷል፣ መስኮቱንም አሠርቷል፤ ነጂዎቹ ግን ለእያንዳንዱ ፈረንሳዊ ስሙን እያጠፉበት ነው። «አሁን አለ» በሉ አለኝ። ጉዳዩን ለየኔታ አቀረብኩ። አስበው አስበው የተጠና ንባብ አይሻርም አሉ፤ ነገር ግን ሰውየውም ተበድሏል። በመጨረሻ ሙቅ ውሃ የለም ከተባለ በኋላ አንድ ነጂ ብቻውን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አሁን አለ ብሎ እንዲጨምር ተወሰነ። የሆቴሉ ባለቤት በዚህ ረክቶ ሄደ።

እኔ አሁንም እሑድ እሑድ አስተምራለሁ። ሴትዮዋ በሌላ መንገደኛ እጅ የአንደኛ ክፍል የፈረንሳይኛ ማንበቢያ ላከችልኝ፤ ድመትና ቤት የተሣሉበት። ለነጂዎቹ በግልጽ እንደነገርኳቸው ሁልጊዜ ከእነሱ አንድ ገጽ ነው የምቀድመው። ሳምንት ከበዛብኝና ካላጠናሁ አብረን አንድ ገጽ ላይ እንገናኛለን፤ ማንም ቅር አይለውም።

በቅርቡ በስልኬ የድምፅ መልእክት ላከች። ፊደልን ከሀ እስከ ፐ ሳታቋርጥ ትቆጥራለች። የኔታ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሦስት ጊዜ አሰሚኝ አሉ። ከዚያ «ቀ ላይ ወድቃለች፤ ከሀ ትጀምር በያት» አሉኝ። መልእክቱን በፈረንሳይኛ ራሴ ጻፍኩት፤ ደፍሬ በ«ቱ»። በማግሥቱ ጽሑፌን በቀይ አርማ መለሰችልኝ። ሦስት ስሕተት ነበረበት። ሁለቱ ገብተውኛል፤ ሦስተኛውን ከነጂዎቹ ጋር ሆነን እያየነው ነው።